የፍኖተ ሰላም መንገድና የአሮጌዋ ሞተር መብራት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደምበጫንና ጅጋን ይሻገራል፤ ከዚያ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። በማንኩሳ በኩል ጥቂት ወደ ፊት ሲቀጥል ደግሞ ቡሬ ይገባል። ማንኩሳ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስሟን የሚያውቃት የበዛብህ አገር ናት። መሬቱ ቀይ ነው። በክረምት ማብቂያ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። በመከር ጊዜ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል፤ ሽታው በመኪናው መስኮት እየገባ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስነጥሰዋል።

በቀን የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ሁሉ አይቶ ተደስቶ ይሄዳል። የዚያ አገር ሰው ግን መንገዱን በሌላ ሰዓትም ያውቀዋል። ምዕራብ ጎጃም ላይ ፀሐይ በበጋም ሆነ በክረምት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢያልፍ ጨለማ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ የገበያተኛው መመለሻ ነው። አህያ የሚነዳው፣ በጎቹን የሚያስከትለው፣ አረንጓዴ ቁምጣውን ለብሶ ጋቢ የደረበው ገበሬ፣ እንጨት የተሸከመችው እናት፣ መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ፣ ሁሉም የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ከባድ መኪኖች ይከንፋሉ። ሞተር ሳይክሎችም አሉ፤ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ወንጌላዊው ከገጠር ሥራቸው የሚመለሱት በዚሁ ሰዓት ነው። አንዳንዱ ሞተር የፊት መብራት አለው፣ የኋላ የለውም። አንዳንዱ የሚያበራው ሲፈልግ ነው። አንዳንዱ ምንም የለውም፤ ድምፁን ሰምታችሁ ነው የምትሸሹት።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አሮጌ ሞተር መብራት ነው። «የመጋቢ ሚስት ከሞተር ሽቦ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ባሏን ማታ ማታ ደጅ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ግን ይህን አትጠይቅም።

የምተርክላችሁ ጉዞ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተደረገ ነው። ባለቤቴ በፍኖተ ሰላም አካባቢ ጥቂት ቤተሰቦች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ እንዲያገለግል ተጠርቶ ነበር፤ እኔም ከእህቶች ጋር እንድቆይ አብሬው ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት እነዚህን ከተሞች ክፉኛ ነክቷቸዋል፤ መንገድ የተዘጋበት፣ የሞተር እንቅስቃሴም የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ በቦታው ያሉትን ይጠይቅ። ስለ ሽቦና ስለ አምፖል የምላችሁ ግን አሮጌ ሞተር ባለበት ሁሉ ያገለግላል።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ሞቅ ያለች፣ ማንጎና ፓፓያ የሚበቅልባት፣ ሰዋ ለእንግዳ የሚቸኩልባት ከተማ ነች። ስሟ ግዕዝ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ሉቃስ 1፥79ን የሚያስታውስ ሰው ብርሃንና የሰላም መንገድ በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚገኙ ልብ ይላል። በዋናው መንገድ ዳር ቆሜ በምሽት የሚያልፉትን ሞተሮች ስቆጥር ይህ ቁጥር ከአሳቤ አልወጣም።

የተቀበሉን ወንጌላዊ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታ ሥር የሆነ ሰው ናቸው። ሞተራቸው አሮጌ ያማሃ ናት። በገጠሩ የምታዩዋቸው አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹ ያማሃ ናቸው፤ አንዱ ዲቲ የሚባለው ቁመቱ ከፍ ያለው ነው፤ ሌላው ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራው፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው ኤጂ 100 ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለእርዳታ ድርጅቶች ይገዛሉ፤ ሲያረጁ በሐራጅ ይሸጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ጌታ ያገለግላሉ። ሞተራቸው ብርቱ ነው። ቀድሞ የሚያረጀው ሽቦው ነው፤ ምክንያቱም ዘይት የሚቀይርለት እንጂ ሽቦውን ገልጦ የሚያየው ሰው የለም።

የዚህች ሞተር ሕመም ሦስት ዓይነት ነበር። የፊት መብራቷ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። የኋላው አምፖል በየሳምንቱ ይቃጠላል። ፍሬቻዋና ክላክሷ ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ጋራዥ ሦስት ጊዜ አምፖል ቀየረላቸው፤ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። በአራተኛው መካኒኩ «ከእንግዲህ አይቃጠልም» ብሎ ለባለ 6 ቮልቷ ሞተር የ12 ቮልት አምፖል ከኋላ ገጠመላቸው። እውነቱን ነው፣ አልተቃጠለም። የሚያገኘው ቮልት ግማሽ ስለሆነበት እንደ ፍም ብቻ ይቀላል፤ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይታይም።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ወንጌላዊው ማታ ከጅጋ ሲመለሱ ከኋላቸው የመጣ የጭነት መኪና ግራ ስፖኪዮአቸውን ገጭቶ ወሰደው። እሳቸው ከነሞተራቸው ቦይ ውስጥ ወደቁ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል፣ አላየሁዎትም!» እያለ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። ወንጌላዊው በክንዳቸው መላላጥ ብቻ ተረፉ። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ባለቤታቸው ናት፤ እሳቸውማ «ትንሽ ተንሸራትቼ ነው» ብለው ነበር ለጉባኤው የነገሩት።

ቡሬ ላይ የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ እንዳለ ሰው ነገራቸውና በማግስቱ ጠዋት ሄድን። እሳቸው ሞተራቸውን ይዘው በቀን ብርሃን፣ እኛ ሴቶቹ በሚኒባስ። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ትንሽ ደጋ ታደርጋለች፤ ነፋሷ ደስ ይላል። ከዚህ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ተገንጥሎ ወደ ዓባይ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ነቀምት ይደርሳል። መገናኛ ስለሆነች መኪናው ብዙ፣ ጋራዡም ብዙ ነው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ጣልያን የቡሬን ምሽጉን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በዚሁ እኛ በመጣንበት መንገድ ነው። ሰዎቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ግን በየጋራዡ ቀረ፤ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ማሳ፣ ቫልቮላ። የቡሬው ልጅ ሲናገር እየሰማሁ ሳቄ መጣ።

ልጁ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ከቴስተሩ ሌላ ያለው ዋና መሣሪያ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አንድ ትንሽ አምፖል ነው። ከሁሉ ይልቅ የወደድሁለት ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት መጠየቁን ነው።

«ጋሼ፣ የኋላው አምፖል የሚቃጠለው የፊቱ በርቶ እያለ ነው፣ ወይስ ሲጠፋ?»

ወንጌላዊው ዝም አሉ። ሞተር የሚነዳ ሰው የኋላ መብራቱን ከየት ያየዋል?

«እኔ ልናገር?» አለች ባለቤታቸው ከኋላችን ሆና። «ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፉ ጋ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያ ሲደርስ የፊቱ ድርግም ይላል። ቀጥ ሲል ተመልሶ ይበራል። ሁልጊዜ እዚያው ነው። እኔ ከደጅ ቆሜ ነው የማየው። የኋላው የተቃጠለ ዕለት ደግሞ የፊቱ ቁልቁለቱን ሁሉ ሲጠፋና ሲበራ ነው የሚመጣው።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። «እታለም፣ ግማሹን ሥራ አንቺ ሠራሽልኝ» አላት። ሞተሯን አስነሣ፣ መብራቷን አበራ፣ መሪውን ወደ ግራ አዞረ። ጠፋ። ወደ ቀኝ መለሰ። በራ።

አንባቢዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እንድትረዱት ልጁ ለእኔ እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ። በአሮጌ ሞተር ላይ ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ማግኔት ነው፤ ሲዞር አጠገቡ ባለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ ኃይል ያመነጫል። ሁለተኛው ባትሪው ነው። እኔ ይህን በምንጭና በእንስራ መሰልሁት። ምንጩ ሞተሩ ሲዞር ይፈስሳል፣ ሲቆም ይደርቃል። እንስራው ደግሞ ከምንጩ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳለት ያጠራቅማል። እንደዚህች ባሉ ሞተሮች የፊቱና የኋላው መብራት በቀጥታ ከምንጩ ይጠጣሉ። ፍሬቻ፣ ክላክስና የፍሬን መብራት በአብዛኛው ከእንስራው ነው የሚጠጡት።

ይህን ብቻ ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የፊት መብራቱ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ላይ ሲሆን ደክሞ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ቢደምቅ ሕመም አይደለም፤ አፈጣጠሩ ነው። ባትሪ ቢቀየርለት አይሻሻልም፤ ብዙ ሰው ግን በዚህ ምክንያት ባትሪ ይገዛል። ፍሬቻው ቢሰንፍና ክላክሱ ቢያቃስት ደግሞ ምንጩን ትታችሁ እንስራውን ተመልከቱ። የእናንተ ሞተር ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የፊት መብራቱን አብሩ። አምፖሉ ደህና ሆኖ ካልበራ ከምንጩ የሚጠጣ ነው። ከበራ ከባትሪ ነው፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ታዲያ የኋላው አምፖል ለምን ይቃጠላል? የዚህች ሞተር ምንጭ የሚያመነጨውን ኃይል ልክ የሚያስገባለት መቆጣጠሪያ የለውም። ፋብሪካው የለካው በጠጪዎቹ ነው፤ ፊት ለፊት ባለ 25 ዋት፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ አምፖል፣ ሁለቱ ተካፍለው እንዲጠጡት። ትልቁ በድንገት አፉን ሲዘጋ፣ የሁለቱ ድርሻ በሙሉ በትንሹ ላይ ይወርድበታል። በዚያ ላይ ነዳጅ ከተሰጠ ትንሹ አምፖል በቅጽበት ይበጠሳል። ስለዚህ የኋላው አምፖል አንድም ቀን የራሱ ሕመም አልነበረውም። የተቃጠለው የፊቱ መሪው በዞረ ቁጥር ስለሚቋረጥ ነው። ሦስት አምፖል የተገዛለት ሕመም ከመሪው አንገት ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ልጁ ይህን ያረጋገጠው አንድ ክንድ በማትሞላ ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከፊት አምፖሉ መያዣ ጋር፣ ሌላውን ከሞተሯ ብረት ጋር አገናኘና መሪውን ወደ ግራ አዞረ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ መሄዱ ብቻ አይበቃውም፣ መመለሻም ያስፈልገዋል፤ በሞተርም በመኪናም መመለሻው የተሽከርካሪው ብረት ራሱ ነው። ማሳ የሚሉት ይህን ነው። የማሳው ሽቦ ሲበጠስ ወይም የታሰረበት ብሎን ሲዝግ፣ አምፖሉ አዲስ፣ ቁልፉ ደህና፣ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ጨለማ ይሆናል። «አሮጌ ሞተር ከመጣልኝ ከአምስቱ አራቱ ማሳ ነው» አለኝ። ቁጥሩን እንደ ጨዋታ ውሰዱት፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ያማሃ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቁሩ ሽቦ ማሳ ነው፤ ቀዩ ከባትሪ የሚመጣ፣ ቢጫው የረጅሙ መብራት፣ አረንጓዴው የአጭሩ። በሦስት ጌታ እጅ ያለፈ ሞተር ላይ ግን በቀለም መታመን አይቻልም። ወንጌላዊው ሞተር ላይ ከመጋረጃ ገመድ የማይለይ ነጭ ሽቦ ሳይቀር አይተናል። ልጁ ጥቁሩን ሽቦ ከአንገቱ ላይ ሲገልጠው ላስቲኩ ደህና ነው። ጎንበስ ሲያደርገው ግን ውስጡ ለብቻው ተሰብሮ፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። መሪው በዞረ ቁጥር እዚያ ቦታ ይታጠፋል፤ ለዓመታት የታጠፈ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። የተበላሸውን ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ በየደ፣ ከላይ ጎማ አለበሰው። መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ ልል አድርጎ አሰረው። ማሳው ከሞተሯ ብረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈገው፤ ቀለምና ዝገት ኤሌክትሪክ አያሳልፉምና። ብሎኑን አጥብቆ ላዩን ግሪስ ቀባው። ከኋላ ያለውን የ12 ቮልት አምፖል አውጥቶ በትክክለኛው ባለ 6 ቮልት ተካው። አሮጌውን አምፖል ለወንጌላዊው ሚስት ሰጣትና «ይቺን ለማስታወሻ» አላት።

ከዚያ ወደ እንስራው። ባትሪውን በቴስተር ሲለካው 5.6 ቮልት አሳየ። የእርሳስ ባትሪ አንዱ ክፍል ሙሉ ሲሆን 2.1 ቮልት ያህል ነው። ባለ ሦስት ክፍሉ 6.3፣ ባለ ስድስት ክፍሉ 12.6 ማሳየት አለበት። ባለ 6ቱ ከ6፣ ባለ 12ቱ ከ12 በታች ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። የዚህኛው ውሃ ከምልክቱ በታች ወርዷል፤ ጫፎቹ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ አጠበና የባትሪ ውሃ ጨመረለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቧንቧም የምንጭም ውሃ ውስጡ ያለው ማዕድን ባትሪውን ይገድለዋል፤ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ ዓይንንና ልብስን ስለሚበላ ልጆች አጠገቡ እንዳይደርሱ አድርጉ። ባትሪው ሌሊቱን በዝግታ ሲሞላ እኛ ቡሬ አደርን። ጠዋት 6.3 አሳየ። ሞተሯ ተነሥታ ነዳጅ ሲሰጣት ልኬቱ ወደ 7 ከፍ አለ፤ ምንጩ ወደ እንስራው እየቀዳ ነው ማለት ነው። ከፍ ባይል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ኃይሉን ለባትሪ እንዲስማማ የሚያደርገው ዕቃ ተበላሽቷል።

ፍሬቻው ወዲያው አልሠራም። በግራ በኩል በርቶ ይቀራል እንጂ ብልጭ ድርግም አይልም። ይህ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አምፖሎች አንዱ ሲቃጠል ወይም ዋቱ ሲያንስ የሚመጣ ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ የሚሠራው ሁለቱም በልካቸው ሲጠጡ ነው። የኋላ ግራው አምፖል ተቀየረና ተነሣ።

ቫልቮላውን፣ አንዳንዶቻችሁ ፊውዝ የምትሉትን፣ ሲከፍት ልጁ ፊቱን አጨፈገገ። ውስጡ ቫልቮላ የለም፤ በማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ይህን አገር ሁሉ ያደርገዋል። ቫልቮላ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሁለት ጊዜ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ላስቲኩ የተላጠ ሽቦ ከብረት ጋር እየተነካካ ነው፤ ፈልጉት። ከነዳጅ ጋኑ ሥር፣ ከመሪው አንገት፣ ከመቀመጫው በታች፣ ከኋላ ጎማው በላይ ጭቃ በሚመታው ቦታ ነው የሚገኘው። ከቤንዚን ጋን ሥር የሚግል ሽቦ ላይ ብልጭልጭ ወረቀት ማሠር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ለቤት እመቤቶች መንገር አያስፈልገኝም።

በማግስቱ ከቡሬ ወደ ወንበርማ በሚወስደው መንገድ፣ በሽንዲ አቅጣጫ ወጣ ብለን ቤተሰብ ጠየቅን። እንደዚያ ያለ ለጋስ አገር አላየሁም። ኑጉ አብቦ ቢጫ ነው፣ ጤፉ ሊታጨድ ደርሷል፤ በየቤቱ ጠላና ንፍሮ፣ ለእኛ ለማንጠጣው ደግሞ ወተትና ማር። ሲመሽ ግን መብራቱ በየጣራው ላይ የተሰካ ትንሽ ሶላር ነው፤ እሱም ያለው ቤት ነው። በየመንደሩ ሱቅ ጨው፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ታገኛላችሁ እንጂ የሞተር አምፖል አታገኙም። የገጠር አገልጋይ የያዘውን ይዞ ነው የሚወጣው።

የወንጌላዊው ሚስት ከልጁ እየጠየቀች ያንን ሁሉ በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አጠራቀመችው። ለፊትና ለኋላ አንድ አንድ አምፖል በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ቫልቮላ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ አንድ ክንድ ሽቦ፣ ልጁ ራሱ የሠራላት መፈተሻ አምፖል። የአምፖሉን ቮልትና ዋት ከነሐሱ ላይ አንብባ በወረቀት ጻፈችው፤ ባለ ሱቅ «ይሄም ይሆናል» ሲላት የምታሳየው ነው። ዋቱ ሲበልጥ ይደምቃል ብለው የሚገዙ አሉ፤ ከምንጭ በሚጠጣ ሞተር ላይ ግን ትልቁ አምፖል ያው የለመደችው ውሃ አልበቃ ብሎት ይደክማል።

ስለ ቻይናዎቹ ነጭ መብራቶችም ጠየቅሁት፤ ከተማ ውስጥ ፋሽን ሆነዋልና። ለባትሪ የተሠሩ ስለሆኑ ከምንጩ ላይ በቀጥታ ሲታሠሩ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቶሎም ይበላሻሉ፤ በባለ 6 ቮልት ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ጨርሶ አይሠሩም። እኔ የምጠላቸው በሌላ ምክንያት ነው። ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋሉ፤ በዚያ መንገድ ላይ ዓይኑ የጠፋው ሰው አህያ እየነዳ ያለ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ወንዝ ውስጥ ሞተር ማጠብም ሌላው ነው። ላህ ወንዝ ላይ ሞተራቸውን እስከ መብራቱ አስገብተው የሚያጥቡ ወጣቶች አየሁ። ልጁ «ከክረምት ይልቅ ደንበኛ የሚያመጣልኝ እሱ ነው» ብሎ ሳቀ። ውሃው በሽቦ መገናኛዎቹ ውስጥ ይገባል፣ አይደርቅም፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። በርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ ክረምት ሲወጣ ደግሞ መገናኛዎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው፣ ደርቀውና ግሪስ ተቀብተው ይመለሳሉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከቡሬ የተመለስን ማታ ከወንጌላዊው ሚስት ጋር ደጅ ቆምን። ባሕር ዛፉ ጋ የሞተሯ ብርሃን ታየ፤ ታጠፈ፤ ሳይጠፋ ቁልቁለቱን ወረደ። ምንም አላለችም። ገብታ እራት ማቅረብ ጀመረች።

አሁን በየማታው እሳቸው ከመውጣታቸው በፊት ሞተሯን አስነሥተው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ እሷ ከኋላ ቆማ ፍሬኑን ሲይዙና ፍሬቻውን ሲሰጡ እያየች «በርቷል፣ በርቷል» ትላቸዋለች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለብቻው የሚነዳ ሰው ግን ሊያደርገው አይችልም።

ክላክሱ ብቻ ነው ያልዳነው። ውስጡ በዝገት ተበልቶ አልቋል፤ የባለ 6 ቮልት ክላክስ ደግሞ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ስላልተገኘ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ ሊልክላቸው ቃል ገባ። እስኪደርስ ድረስ ወንጌላዊው መንገድ የዘጉባቸውን በጎች «እሽ! እሽ!» እያሉ ነበር የሚያልፉት።